በሩን የዘጋው እጅ

ከኢየሩሳሌም፣ ንጉሡ ሕዝቅያስ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ወር በዐሥራ ስምንተኛው ቀን

ለእህቴ ለኖዓ፣ በዛብሎን አገር፣ ሪሞን፤

እግዚአብሔር የሰላም ወሬ ያሰማሽ። አንቺና ባልሽ ኤሎን እንዴት ናችሁ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የወይራ ዛፎቹስ ያዙ? እኔ ጥርሴ እየወለቀ ከማለቁ በቀር ደኅና ነኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ ዛሬ ድንገት ብቅ ማለቴ እንደሚያስገርምሽ አውቃለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ከንጉሡ መልእክተኞች አንዱ ነው፤ ለምኜው ከንጉሡ ደብዳቤ ሥር ሸጎጠልኝ። መልእክተኞቹ ከቤርሳቤህ እስከ ዳን ድረስ ሊሮጡ ነው፤ እናንተ ዘንድም ይደርሳሉ።

ወሬው ምን መሰለሽ፦ የቤተ መቅደሱ በር ተከፈተ። ንጉሡ አካዝ ሞተ፤ ልጁ ሕዝቅያስ በነገሠ በመጀመሪያው ወር በሩን ክፈቱ አለ። መቀርቀሪያው ከመዛጉ የተነሣ በመዶሻ ነው ያላቀቅነው። ከዚያ ዐሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ቆሻሻ ተሸክመን ወደ ቄድሮን ወንዝ ስናወርድ ከረምን። ወገቤ እስካሁን አልተቃናም፤ ደስታዬን ግን በምን ቃል ልንገርሽ!

ፋሲካው ባለፈው ሳምንት መዋል ነበረበት። ነገር ግን ያኔ ካህናቱ ገና አልተቀደሱም ነበር፤ ቤቱም ጸድቶ አላለቀም ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ከሹማምቱ ጋር መክሮ በዓሉ በሁለተኛው ወር በዐሥራ አራተኛው ቀን እንዲሆን ወሰነ። አባታችን ያስተማረንን ሕግ ታስታውሻለሽ፤ ሬሳ ነክቶ የረከሰ ወይም ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው ፋሲካውን በሁለተኛው ወር ያደርጋል። አሁን አገሩ በሙሉ እንደዚያ ሰው ተቆጠረ። ይህም ካመለጠ በሦስተኛ ወር የሚደረግ ፋሲካ የለም።

ከስምንት ዓመት በፊት ለበዓል መጥተሽ በሩ ተዘግቶ፣ እኔም ፊቱ ቆሜ ስታገኚኝ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አልመለስኩልሽም። ዘወር ብለሽ ሄድሽ፤ በዚያው ቀረሽ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ ዛሬ ግን አልመልሰውም፣ መልእክተኛው ቸኩሏል።

እባካችሁ ኑ።

ወንድምሽ ሜሱላም


ከሪሞን፣ በመጀመሪያው ወር በሃያ ሦስተኛው ቀን

ለወንድሜ ለሜሱላም፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ወይራው ይዟል፤ ጉልበቴ ግን አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ ከቤት እስከ ጉድጓዱ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ነው የማርፈው። የጥርስህን ነገር ሰምቼ አዘንኩ። ነገር ግን ስምንት ዓመት ዝም ላለ አፍ ጥርስ ምን ያደርግለታል?

ይህን የምጽፍልህ በተሰበረ እንስራ ስባሪ ላይ ነው። አባታችን አንተንና እኔን ፊደል ያስቆጠረን በእንዲህ ዓይነቱ ላይ አልነበር! የሚያመጡልህም እነዚያው መልእክተኞች ናቸው፤ የሳቅንባቸው።

አዎ፣ ስቀንባቸዋል። አደባባይ ላይ ቆመው «ወደ እግዚአብሔር ተመለሱ» የሚለውን የንጉሡን ቃል ሲያነቡ መንደሩ በሳቅ አለቀ። አንዱ «የአካዝ ልጅ ነው እኛን ተመለሱ የሚለን?» አለ። ሌላው ደግሞ «አባቱ ቤቱን ዘጋ፣ ልጁ ከፈተ፣ ታዲያ እኛ ምን አገባን? የራሳቸውን በር ራሳቸው ይጫወቱበት!» አለ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ግን ባሌ ነው። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከኋላው ቆሜ በምርኩዜ ጎኑን ብወጋውም አላቆመም።

በሳቃችን አትፍረድብን። የእኛን ነገሥታት ታውቃቸዋለህ፤ አንዱ አንዱን እየገደለ ነው የሚነግሠው። የአዲሱን ስም ለምደን ሳንጨርስ ሌላ ይመጣል። ጥሩም ይሁን መጥፎ የማይጠፋው ያ ኢዮርብዓም ያቆመው የወርቅ ጥጃ ብቻ ነው፤ ሁሉም ተከትሎታል። አሁን ደግሞ የአሦር ሹም ከሁሉም በላይ ተጎልቶብናል። ንጉሥ ሲባል የእኛ ሰው ወይ ይሸሻል ወይ ይስቃል። ይህኛው የአባቱ ልጅ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?

ጥያቄዬን አልረሳሁትም ብለሃል። እኔም አልረሳሁትም። እንዳይጠፋህ ደግሜ ልጻፍልህ፦ ያን በር የዘጋው የማን እጅ ነው? መልሱን ሳላገኝ ኢየሩሳሌም የሚባል አገር አልመጣም።

ኤሎን ዛሬ እራቱን ሳይበላ ተኝቷል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እህትህ ኖዓ


ከኢየሩሳሌም፣ በሁለተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን

ለእህቴ ለኖዓ፤

እግዚአብሔር ያቆይሽ። ደብዳቤሽን በሰላም ተቀብያለሁ፤ እንደ ቁጣሽ ሁሉ ስባሪውም ከባድ ነበር።

የእኔ እጅ ነው።

እዪው፣ ጻፍኩት። አሁን የቀረውን ላስረዳሽ። እኔ በር ጠባቂ ነኝ፤ ነገሥታትን የማውቃቸው በበሩ ነው። አባታችን በዖዝያን ዘመን ጠበቀ። ዖዝያን ግንብ የገነባ፣ ጉድጓድ ያስቆፈረ ኃያል ንጉሥ ነበር፤ ታዲያ አንድ ቀን ልቡ አበጠና ካህን ብቻ ከሚገባበት ገብቶ ዕጣን ላጥን አለ። ለምጽ ግንባሩ ላይ ወጥቶበት ፊቱን ሸፍኖ ሲሮጥ በሩን የያዘለት አባታችን ነው። ልጁ ኢዮአታም ደግ ሰው ነበር፤ እኔ ሥራ የጀመርኩት በእሱ ጊዜ ነው። የአባቱ ነገር ስላስፈራው ግን እግሩን አንድ ቀን አላስገባም። በሩን አሳምሮ አሠራው፣ ከውጭ ቆሞ አየው፣ ወደ ቤቱ ሄደ። አንዱ አለቦታው ገባ፤ ሌላው መግባት ሲችል ቀረ።

ከዚያ አካዝ መጣ። የደማስቆን መሠዊያ አስቀርጾ የእኛን ወደ ጎን ገፋው። ልጁን በእሳት አሳለፈ። በመጨረሻም «ዝጉት» አለ። ካህናቱ መብራቱን አጥፍተው ወጡ። መዝጊያው ሁለት ነው፤ የግራውን ባልንጀራዬ ያዘ፣ የቀኙን እኔ። ሰይፍ የመዘዘብኝ የለም፣ የጮኸብኝም የለም። ዘጋሁትና ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ። ስምንት ዓመት ከአንቺ የደበቅሁት በሩን መዝጋቴን አይደለም፤ እሱንማ ቆመሽ አይተሻል። የደበቅሁት እራቴን መብላቴን ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው እንዳይከፍተው የዘጋሁትን በር ስጠብቅ ኖርኩ።

ይህኛው የአባቱ ልጅ እንዳልሆነ በምን አወቅህ ብለሻል። እኛን ሌዋውያንን በምሥራቁ አደባባይ ሰበሰበን። ይቆጣናል፣ ወይ ያባርረናል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ልጆቼ» አለን። እሱ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ሃምሳ አልፎኛል። ቀጥሎም አባቶቻችን በድለዋል ብሎ ተናገረ፤ አባቱ ሳይቀር ማለቱ ነው። ንጉሥ የገዛ አባቱን ጥፋት በአደባባይ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። በዚህ አወቅሁ።

አሁን ሥራዬ የሚገባውን ሰው ሁሉ «ንጹሕ ነህን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ይቆያል፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የሚያነጻው የአመድ ውኃ ይረጭበታል፤ ከዚያ በፊት ቢገባ፣ ከፋሲካውም ቢበላ፣ ከሕዝቡ ተለይቶ ይጠፋል። ብትመጡ እናንተንም እጠይቃለሁ። በዝምድና የማሳልፈው ሰው የለም፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን አሱብ ዘይት ነጋዴው ይዞልሽ ይመጣል።

ወንድምሽ ሜሱላም


ከሪሞን፣ በሁለተኛው ወር በሰባተኛው ቀን

ለሜሱላም፤

ይህን የሚሰጥህ ባሌ ነው። ማንበብ ስለማይችል እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ምን ነካው ብለህ አትድከም፤ እኔም ገና አልገባኝም። ያን ቀን ከሳቀ ወዲህ እህል አላሰኘው አለ። ትናንት ድንገት «ሴትዮ» አለኝ፣ «እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ የመጡት እኔ ልስቅባቸው ነው?»

«አዎ፣ ደኅና አድርገህ ሳቅህባቸው እኮ» አልኩት።

«እንግዲያ እኔም አምስት ቀን ልሂድና በተራቸው ይሳቁብኝ።»

ይኸው ነው። ዛሬ ማለዳ ጫማውን ጠፍሮ ወጣ። ጎረቤታችን ሴሬድም አብሮት ይሄዳል፤ እሱ እንኳ በግ ለመግዛት ነው የሚሄደው እላለሁ። መንደሩ ተሰብስቦ «ኤሎን ጻድቁ!» እያለ ሸኛቸው። ኤሎን መልስ አልሰጠም፤ ኤሎን ዝም ሲል ያየሁት ሠርጋችን ላይ ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ጉልበት አልሞክረውም። ስለ እራትህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አላልኩህም ብል ደግሞ እሱም ውሸት ነው። እስቲ ትንሽ ታገሠኝ።

ባሌን አደራ።

ኖዓ


ከኢየሩሳሌም፣ በሁለተኛው ወር በዐሥራ ስድስተኛው ቀን

ለውድ እህቴ ለኖዓ፤

እግዚአብሔር የሰላም ወሬ ያሰማሽ። ኤሎን በሰላም ደርሷል። መንገድ ላይም ይህ ነው የሚባል ነገር አልገጠመውም ማለት ይቻላል።

በዓሉን ብታዪው! ከተማው ሰው መያዣ አጣ። ቤቴ ውስጥ ብቻ ዘጠኝ እንግዳ አለ። ሽማግሌዎቹ ከሰሎሞን ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ በዓል አልታየም ይላሉ፤ የሰሎሞንን ዘመን ያዩ ይመስል። ሌዋውያኑ ሲዘምሩ ድምፃቸው በበሩ በኩል ወጥቶ ሲመጣብኝ መዝጊያውን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ንጉሡም ከሀብቱ ለሕዝቡ ኮርማና በግ እንዲሁ ሰጠ፤ ሥጋው ገና የሚያልቅ አይመስልም።

ኤሎን ከጠቦቱ በደንብ በላ። ከዚያ በደንብ ተኛ። አሁንም ተኝቷል፤ በደንብ። ተኝቶ ስለሆነ ነው ሰላምታ ያልላከልሽ። ትንሽ ድካም ነው። አታስቢ።

ቀድመው የሚመለሱ የአሴር ሰዎች ስላገኘሁ ነው ባጭሩ የጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ሜሱላም


ከሪሞን፣ በሁለተኛው ወር በሃያ አንደኛው ቀን

ሜሱላም፤

ሰላምታዬን ሌላ ጊዜ እልክልሃለሁ።

«በደንብ ተኝቷል» አልከኝ። አባታችን ሲያጣጥር የጻፍክልኝ ቃል ይህ ነበር። ደብዳቤው ሲደርሰኝ አባታችን ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ያኔም አታስቢ ብለኸኝ ነበር።

ሴሬድ ትናንት በጎቹን እየነዳ መጣ። ሁለት ጆሮውን ይዤ አስለፈለፍኩት። በዐሥረኛው ቀን ከቤቴል ወዲህ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ወድቆ ሞቶ አግኝተዋል፤ ልብሱ የአሴር ሰው ልብስ ነው፣ እሱም ወደ በዓሉ የሚሄድ ሳይሆን አይቀርም። አላፊው ሁሉ እንዳይረክስ ከመንገዱ ማዶ እየዞረ ያልፋል። ሴሬድም ዞረ። ባሌን «ተው፣ በዓሉ ያመልጥሃል» ቢለው «ሰውዬውን ለአሞራ ትቼ የእግዚአብሔርን ቤት ልሳለም?» ብሎ በእጁ ቆፍሮ ቀበረው።

በዐሥረኛው ቀበረ፣ በዐሥራ አራተኛው ማታ ከጠቦቱ በላ። ጣቴን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ሰባት አይሞላም። ሴሬድ እንደሚለው ሳይነጹ የበሉ ሰዎች በማግሥቱ ታመው ወድቀዋል። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚል አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

በዚያ በር ላይ ቆሞ ንጹሕ ነህን ብሎ የጠየቀው ማን ነበር? ባሌ በሕይወት አለ? መጀመሪያ ሁለተኛውን መልስልኝ፤ በአንድ ቃል።

ኖዓ


ከኢየሩሳሌም፣ በሁለተኛው ወር በሃያ አምስተኛው ቀን

ለእህቴ፤

አለ። ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ አለ።

ይቅር በዪኝ። ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ ምንም አላስቀርም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ውስጥ አየሁት። አንዱ ጫማው ተበጥሶ በገመድ አስሮታል። ተራው ሲደርስ እንደ ሥርዓቱ «ንጹሕ ነህን?» አልኩት።

«ከትናንት ወዲያ አንድ ሽማግሌ ቀብሬያለሁ» አለኝ፣ ጮክ ብሎ።

«ቀስ በል እንጂ!» አልኩት።

«ጠየቅከኝ፣ መለስኩልህ። ታዲያ ልዋሽ?» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ አይገባም ማለት ነው አይደል? ልመለስ?»

እህቴ፣ እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ያው የቀኙ መዝጊያ። ተመለስ ማለት ነበረብኝ፤ ሦስተኛ ወር የለም፣ ሰባት ቀን የለም፣ ቃሉ ግልጽ ነው። ልለውም አፌን ከፍቼ ነበር። «ግባ» አልኩት። ከኋላው የቆሙት የይሳኮር ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንድ በአንድ «እኔም አልነጻሁም»፣ «እኔም እንደዚያው» ይሉ ጀመር። ለእሱ ከፍቼ ለእነሱ መዝጋት አቃተኝ። ሁሉንም አስገባሁ። ሌዋውያኑም ጠቦቶቹን አረዱላቸው።

በበላ በማግሥቱ ጀመረው። ሆዱን ይዞ ይንፈራገጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። ከይሳኮር ሰዎችም አምስቱ ወደቁ። ያን የውሸት ደብዳቤ የላክሁልሽ በዚህ መካከል ነው። ወሬው ለንጉሡ ደረሰ። አሁን የረከሱትን አውጡ ይላል፣ ማን አስገባቸው ብሎም ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አልጠየቀም። በአደባባዩ በሁላችን ፊት ቆሞ ስለ እነሱ ለመነ፤ ሥርዓቱን ባይሞሉም ልባቸው ፈልጎ የመጡትን ሁሉ ቸሩ አምላክ ይቅር እንዲላቸው። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዖዝያን የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ ንጉሥ ቦታውን ሲያልፍ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። የሕጉን ቃል አለፍ ብሎ ምሕረት ለመነ፤ ተሰማም። የይሳኮር ሰዎች በማግሥቱ ተነሡ።

ኤሎን ግን አልተነሣም። ዛሬ ዐሥረኛ ቀኑ ነው። እንዲበረታ ብዬ በየቀኑ ከበዓሉ ሥጋ ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ በእጄ አጎርሰዋለሁ፤ በልቶ ወዲያው ይመልሰዋል። ከስቷል። ለምን እሱ ብቻ እያልኩ ሳስብ መልሱ አንድ ነው። እነዚያን ያስገባኋቸው መዝጋት አቅቶኝ ነው። እሱን ግን አውቄ፣ የእህቴ ባል ስለሆነ አስገባሁት። በዝምድና አላሳልፍም ብዬ ጽፌልሽ አልነበር? ጸሎቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ የቆመ መሰለኝ፤ እኔ ደጁ ላይ ተጋርጬበት።

ነገ ጠዋት ወደ በር ጠባቂዎች አለቃ ሄጄ እናገራለሁ። ከበሩ ቢያነሡኝም ይሁን። ያኔ መክፈት ሲገባኝ ዘጋሁ፤ አሁን መዝጋት ሲገባኝ ከፈትሁ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ሕጉን ታውቂያለሽ፤ አባታችንም ይህን ይል ነበር። ጥፋተኛ ነኝ? የምትፈርጂብኝን እቀበላለሁ።

በዓሉ ሌላ ሰባት ቀን ተጨምሮበታል፤ ሲያልቅ ደብዳቤውን አሱብ ይዞልሽ ይመጣል። እስከዚያ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ሜሱላም


ከሪሞን፣ በሦስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን

ለወንድሜ ለሜሱላም፤

ሰላም፣ ሰላም፣ ሰላም ላንተ ይሁን! ባለፈው ያስቀረሁብህንም ጨምሬ ነው።

ባሌ እየሞተ ነው የሚለውን ደብዳቤህን ያመጣልኝ ባሌ ነው።

ትናንት ጥላው ሲረዝም ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ማቅ አውጥቼ አዘጋጅቼ ነበር፤ ልንገርህ። ከአሱብ አህያ ኋላ አንድ ቀጭን ሰው ሲመጣ አየሁ። አካሄዱን ለየሁትና ምስሩ በሙሉ መሬት ፈሰሰ።

«ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ? ጅብ ያየሽ መሰልሽ» አለኝ። ከዚያ ከመቀነቱ ሥር ደብዳቤህን አወጣ። «ወንድምሽ ልኮልሻል። አሱብ ሊጥለው ሲል እኔው ተቀበልኩት። ላብ እንዳይነካው እንዴት ተጠንቅቄ እንዳመጣሁት! አንብቢው እስቲ፣ ስለ በዓሉ ሳይሆን አይቀርም።»

ቆሜ አነበብኩት። «ምን ይላል?» አለኝ።

«እየሞትክ ነው ይላል።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ቁጭ ብሎ ጥቂት አሰበ። «እንጃ፣ ለእኔ አልነገሩኝም» አለ። ሜሱላም፣ በዚህ ጊዜ ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ ተሰበሰበ።

ከዚያ ሁሉንም አስነገርኩት። ለአለቃህ ስትናገር፣ እንደታመመ ተከትሎህ መጥቶ ከኋላህ ግድግዳ ተደግፎ ሰምቷል። አንተ መሬት ላይ ወድቀህ ስታነባ አለቃህ «ንጉሡ ሁሉን ይቅር በል ብሎ ሲለምን አንተን የት አስቀርቶህ ነው? ተነሥ፣ ሰው ተሰልፏል፣ ወደ በርህ!» አሉህ አሉ። አንተም ያን ቀን ሙሉ ስታለቅስና ስታመሰግን ዋልክ፤ ባሌን ማብላቱንም ረሳኸው። ውኃ ብቻ ጠጥቶ አደረ። በማግሥቱ ድኖ ተነሣ።

አንተ የዋህ! ኤሎን በዓመት ሁለት ጊዜ ነው ሥጋ የሚቀምሰው። በየሠርጉ ላይ ይኸው ሆዱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እህል ተከልክሎ ይውላል፣ ይድናል። አንተ ግን ዐሥር ቀን ሙሉ ኮርማ ስታጎርሰው! የመጀመሪያውን ቀን እውነቱን ብትጽፍልኝ ይህን ሁሉ ባልተሠቃያችሁ። አታስቢ የምትላትን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከአፍህ አውጣት። የፈወሰው ጸሎቱ ይሁን ረኃቡ፣ ወይስ እግዚአብሔር አንተን አስለቅሶ እሱን አስጾመው፣ ይህን ለእናንተ ለሌዋውያን ትቻለሁ። እኔ ባሌን አግኝቻለሁ።

ጥፋተኛ ነኝ ወይ ብለሃል። ማታ ኤሎንን ጠየቅሁት፤ «ያን ቀን ተመለስ ቢልህ ኖሮ?» አልኩት። «እመለስ ነበር» አለ፣ «ከዚያ እስክሞት ድረስ ስስቅ እኖር ነበር።» እንግዲህ ፍርዱ ይኸው። ሕጉን አፍርሰሃል፤ አላፈረስክም አልልህም። ግን በዚህኛው ጊዜ እራትህን ዝም ብለህ አልበላህም። ሄደህ ተናግረሃል። እኔ የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነበር፤ ስምንት ዓመትም የጠበቅሁት ይህን ነው።

ንጉሥህን ግን አትቆልልብኝ። ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ እነዚያ የቀደሙት ነገሥታትም ሲጀምሩ ደኅና ነበሩ። አንድ ቀን ቢያሳፍርህ አትደንግጥ፤ ስለማያውቃቸው ሰዎች እየተንቀጠቀጠ የለመነውን ደግሞ አትርሳለት። እዚህ እንኳ ማንም አይስቅም አሁን። የሳቁት ሁሉ ማታ ማታ እየመጡ ኤሎንን ከበው «እስቲ ድገመው» ይሉታል።

በሚመጣው ዓመት በመጀመሪያው ወር እኔው ራሴ እመጣለሁ፤ አሱብ አህያውን ይሰጠኛል። ሰልፍ ይዤ ተራዬ ሲደርስ እንደ ማንም ሰው ንጹሕ ነሽን ብለህ ጠይቀኝ፤ በእህትነቴ እንዳታሳልፈኝ። ሬሳ አልነካሁም እልሃለሁ። ግን ወንድሜን ስምንት ዓመት ሙሉ በልቤ ገድዬ ቀብሬው ኖሬያለሁ። ለዚህ የሚረጭ የአመድ ውኃ አባታችን አላስተማረንም። እሱን እዚያው በሩ ላይ ፊትህ ቆሜ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ከዚያ እጅህ ያሰኘውን ያድርግ።

እህትህ ኖዓ